ብር ቀለም የተቀባው ካምቢዮ

በዚያ ዓመት መካነ ሰላም መናኸሪያ የገባ ሰው ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የባሌን የሚኒባስ ሞተር ሳያይ አይወጣም ነበር። ያኔ ገና ባሌ አልሆነም፤ እጮኛዬ ነበር። የሚኒባሱ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ለማሳየት ጋቢና የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች ማስወረድ፣ ወንበሩን ማንሳትና ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። እሱ ይህን ሁሉ ሳይሰለች ያደርገዋል። አንድ የጤፍ ነጋዴ በመስኮት "እንዴት አደርክ?" ካለው በቂ ነው። ወዲያው ተሳፋሪዎቹ ወርደው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ ወንበሩ ይነሳል፣ ነጋዴው አንገቱን አስግጎ "ማሻአላህ" ይላል፣ እሱም አንዴ ነዳጅ ረግጦ ያስጓራዋል። ከዚያ ወንበሩ ይመለሳል፤ ተሳፋሪዎቹም የጋለው ወንበር ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ከነዚያ ተሳፋሪዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። መካነ ሰላም አስተማሪ ነኝ፤ የአባቴ ቤት ወግዲ ነው፤ ለሰንበት ስሄድ የምሳፈረው በሱ ሚኒባስ ነበር። ሁልጊዜ ጋቢና ያስቀምጠኛል። ለኔ አስቦ ይሁን ወይስ ሞተሩን ከሥሬ እንድሰማለት፣ እስካሁን አልለየሁም። ግን ወደድኩት። ሳቂታ ነው፤ አንዲት ባልቴት ከነጓዟ ስታዘግም ካየ መኪና አቁሞ ወርዶ ይሸከምላታል። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስለሱ የምለው በሙሉ ክፉ ክፉው ስለሆነ ነው።

ሞተሩ የመኪናዋ አልነበረም። የድሮው ሞተር ደካማ ቢሆንም ልኩን ያውቅ ነበር። ከወግዲ ሲመጣ መንገዱ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ረጅም አቀበት አለ። አቀበቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ሲደክመው ከተሳፋሪው ግማሹ ይወርዳል፣ እያወጋ በእግሩ ይከተላል፣ አናቱ ላይ ተገናኝተን እንቀጥላለን። በዚህ ያፈረ ሰው አላየሁም። እጮኛዬ ብቻ አፈረ። ደሴ ሄደና ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ይዞ መጣ። መካኒኩ ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ እንደምንም አድርጎ ገጠመለት። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የነገረውን እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

"ካምቢዮው ለድሮው ሞተር የተሠራ ነው፤ ይሄን ጉልበት አይችለውም። ወይ ካምቢዮ ቀይር፣ ወይ እግርህን ሰብስብ።"

"ካምቢዮ ማን ያየዋል?" አለ እጮኛዬ።

እውነቱን ነው፤ ማንም አያየውም። ካምቢዮ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር ጭቃ ለብሶ የተንጠለጠለ ሳጥን ነው። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ፣ በማርሽ በማርሹ መጥኖ፣ ወደ ጎማ ያሳልፋል። ውስጡ ያሉትን ጥርሶች ጎንበስ ብሎ "ማሻአላህ" ያላቸው ነጋዴ የለም። ሞተር ሲጮህ ሰው ለማድነቅ ይሰበሰባል፤ ካምቢዮ ሲጮህ ግን የሚሰበሰበው ለመሳቅ ነው።

መጀመሪያ የተማረረው ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ነበር። አዲሱ ሞተር ያለ ልክ ሲገፋው ይንሸራተትና የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በመንሸራተቱ ከኋላው ያለውን ካምቢዮ ከጡጫው ያድነዋል። እጮኛዬ ግን ሽታውን እንደ ስድብ ቆጠረው። የማይንሸራተት ጠንካራ ፍሪሲዮን አስመጥቶ አስገጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጉልበትና በነዚያ አሮጌ ጥርሶች መካከል ገላጋይ ጠፋ። ይህንን ያስረዳኝ አባቴ ነው፤ በስልክ፣ እየጮኸ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ደሴ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም ሲመላለስ ነው ያረጀው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወግዲ ደጃችን ላይ የቆመ መኪና ሁሉ የሱ ነው። ጋቢውን እንደለበሰ መሬት ላይ ይንጋለልና ሥሩ ይገባል። የግብርና መኪና ይሁን የእህል ነጋዴ አይመርጥም፣ ባለቤቱንም አያስፈቅድም። አንድ ጊዜ ሹፌሩ ሳያውቅ ሊነሳ ሲል አክስቴ ኮፈኑን እየደበደበች ነው ያስቆመችው። ሰውም የሚመዝነው በዚሁ ነው። ጎረቤታችንን ለማማት ሲፈልግ "ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ ያስገባል" ይላል፤ ከዚያ በላይ ክፉ ነገር አያውቅም። እሱ ራሱ በሹፌርነቱ ዘመን ሰውን ከነፍየሉ ከመኪናው ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጭን እንደነበር ግን በቤታችን አይነሳም።

እንግዲህ ሽማግሌ የተላከው ወደዚህ ሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በእጮኛዬ ሰፈር ቁርአን የሚያቀሩ ሼህ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሳቸው ዱዓ የሌለበት ነገር፣ እስላሙም ሆነ ክርስቲያኑ፣ አይጀምርም። ሁለተኛው የዚያው ሰፈር ቄስ፣ ሦስተኛው የእጮኛዬ አጎት ነበሩ። የመጡት በዚያችው ሚኒባስ ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ካያት በኋላ ነው ሽማግሌዎቹን ያያቸው። እኔ ከጓዳ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ።

ሼሁ ጀመሩ። "የመጣነው ለኸይር ነው። አንቱ ልጅ አለዎት፣ እኛም ልጅ አለን። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን።"

በደንቡ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ስለ ልጁ ዘር ይጠይቃል፣ ስለ ጠባዩ ይጠይቃል፣ ከዚያ "ከቤተ ዘመድ ልምከር" ብሎ ይመልሳል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ካምቢዮው የምኑ ነው?" አለ።

"ምን አሉን?" አሉ ቄሱ።

"ልጁ ሞተር መለወጡን ሰምቻለሁ። ስትመጡም ከዚያ ማዶ ጀምሮ ሲጮህ ነበር። ከኋላው ያለው ካምቢዮ የድሮው ነው ወይስ ሌላ ነው?"

አጎትየው ጣልቃ ገባ። "ልጁ እኮ ጨዋ ነው፤ መጠጥ አይቀምስም።"

"መጠጥ ጠየቅኩህ?" አለ አባቴ። "ልጄን ጭኖ የሚሄደው በዚያ መኪና ነው፤ ልጄ የምትኖረውም በዚያ መኪና ነው። እሱ ከተሰበረ ቤቷ ተሰበረ። ካምቢዮውን ይቀይርና ተመለሱ። ደግሞ በወሬ አልቀበልም፤ ሄዳችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ መስክሩልኝ።"

ቄሱ እንደዚህ ያለ የጋብቻ ጥያቄ በዘመናቸው ሰምተው እንደማያውቁ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እኔ ግን ጓዳ ውስጥ ሆኜ ኮራሁ። ስለ ጥሎሽ የሚከራከር አባት ሞልቷል፤ የኔው ስለ ካምቢዮ ተከራከረልኝ። ለኔም ነገሩ የብረት ጉዳይ አልነበረም። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ልኖር ነው፤ ቀየርኩ ሲለኝ ቀይሮታል ብዬ ማደር መቻል አለብኝ። ከዚህ ሰርግ የፈለግኩት እሱን ብቻ ነበር።

እጮኛዬ ያደረገውን ኋላ ላይ ነው የሰማሁት። ገንዘቡን ለሰርጉ ድምፅ ማጉያና መኪናዋ ግንባር ላይ ለሚደረደር መብራት አውሎት ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው በሚሄዱበት ቀን በማለዳ ተነሳና የካምቢዮውን ጭቃ አጠበ፤ ከዚያ ሳጥኑን ብር ቀለም ቀባው። የማርሹንም እጀታ ቀየረ፤ ውስጡ አበባ ያለበት የብርጭቆ ኳስ አደረገበት። ሼሁ ሊያዩት ሲመጡ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ሽማግሌ እንደምንም ጎንበስ ብለው፣ "ቢስሚላህ" ብለው፣ እጃቸውን ሰደው ዳሰሱት።

"ያበራል" አሉ።

"ካበራማ አዲስ ነው" አሉ ቄሱ፣ ቆመው።

ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ። ወዲያው ተሳፍረው ወግዲ መጡ፤ ሼሁ "አይቼዋለሁ፤ በእጄም ዳስሼዋለሁ" ብለው መሰከሩ። አባቴ ተነስቶ እጃቸውን ጨበጠ። ተመራረቁ፤ "አሚን" ሲባል እስከ ጓዳ ተሰማ። ሚኒባሷ ደጃችን ላይ ቆማ ነበር። ደጁ ላይ የቆመ መኪና አይቶ የማያልፈው አባቴ ያን ቀን ወደ ውጭ ብቅ አላለም። እንግዳ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

እጮኛዬን በር ላይ ለብቻው አገኘሁት። "ቀየርከው?" አልኩት።

"አብሽሪ" አለኝ፣ በዚያ ሳቁ።

አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ለታመመም ይባላል፣ ላዘነም ይባላል፣ መኪና ላመለጠውም ይባላል። አዎ ማለት ግን አይደለም። ይህ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ ግን ሽማግሌ መስክሯል፣ አባቴ ጨብጧል፣ እኔ ከማን በልጬ ነው የምጠራጠረው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሙሽራው መኪናውን እኔው ራሴ ካልነዳሁ አለ። ሙሽራ ሹፌር ሆኖ ያየ ሰው ስላልነበረ ሚዜዎቹ ለመኑት፣ አጎቱ ተቆጣው። "ከኔ ሌላ የምትታዘዘው ሰው የለም" ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔን በነጭ ቬሎ ጋቢና አስቀመጠኝ፤ እንደ ልማዴ ሞተሩ ላይ ማለት ነው። ከኋላ ሼሁ፣ ቄሱ፣ አጎትየው፣ ሚዜዎቹና ልታደርሰኝ አብራኝ የምትሄደው አክስቴ ተጨናንቀዋል። አክስቴ ከቤት ሳልወጣ ሕጉን ነግራኛለች። ሙሽራ አንዴ ከወጣች ወደ አባቷ ቤት አትመለስም፤ የባሏ ደጅ ሳትደርስም እግሯ መሬት አይነካም። ይህ ከተጣሰ ትዳሩ አይጸናም። አክስቴ ሦስት ጊዜ አግብታ ሦስት ጊዜ የፈታች ሴት ስለሆነች ስለማይጸና ትዳር ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንዙን ወርደን ማዶውን አቀበት ጀመርን። ካሜራ ያነሳው ልጅ በፒክአፕ ጀርባ ላይ ሆኖ ከፊት ከፊታችን እየቀረጸ ይሄዳል። አቀበቱ ወገብ ላይ፣ የድሮው ሞተር ይደክምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ አጃቢዎች የጫነ ሌላ ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ ሊያልፈን ጎናችን መጣ። በደንቡ የሙሽራ መኪና አይቀደምም፤ ለዚያ ግን ተከታዩን በጡሩንባ ማስጠንቀቅ ይበቃ ነበር። ባሌ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለ፣ መኪናዋ በቀስታ እየሄደች፣ እስከ ወለሉ ረገጠው።

ሞተሩ አላሳፈረውም። ያን ያህል ጉልበት ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ያንን አቀበት ወደ ላይ ወረወረን። ከኋላ እልልታው ቀለጠ፤ አክስቴ ሳትቀር እልል አለች። ከዚያ ከሥራችን አንድ ነገር ቋ አለ። ቀጥሎ ድስት ውስጥ ጠጠር ጨምረው እንደሚያናውጡት ያለ ድምፅ መጣ። ሞተሩ ብቻውን ወደ ሰማይ ይጮሃል፤ መኪናዋ ግን ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባሌ ፍሬን ያዘ፤ ሚዜዎቹ ዘለው ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። እልልታው መሀሉ ላይ ተቆረጠ።

አንደኛ ማርሽ ሞከረ፤ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ብቻ። ሁለተኛው የለም። ሦስተኛው አልገባም አለ። የብርጭቆ ኳሷን ይዞ እየታገለ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። አልፎን የሄደው ሚኒባስ የአቀበቱ አናት ላይ ቆሞ አሁንም ጡሩንባውን ይነፋል።

እንግዲህ ሸንጎ ተጀመረ። አንዱ ሚዜ "ሙሽራዋ ወደ ሌላው መኪና ትዛወር" አለ። አክስቴ በሩን ከውስጥ ያዘች። "እግሯ መሬት አይነካም!" አጎትየው መኪናዋን በገመድ እናስጎትት አለ፤ ፒክአፑ ግን እንኳን እኛን ካሜራውን ይዞም በጭንቅ ነበር የወጣው። ቄሱ "በሰው ጀርባ ብትሻገር መሬት ረገጠች አይባልም" ብለው መፍትሔ አመጡ፤ ሚዜዎቹ ተያዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። አስተማሪ ሆኜ ብዙ የሠራተኛ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚህ የተሟላ አላየሁም።

በዚህ መሀል ባሌ ጮኸ። "ትገባለች! የኋላ ማርሽ ትገባለች!"

ፊቱ በራ። ወደ ፊት የሚሄዱት ማርሾች አልቀውለት ወደ ኋላ የምትሄደው አንዷ ስለተረፈች እንኳን ደስ ያለህ እንድንለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሚዜዎቹ መኪናዋን በሰው ጉልበት፣ በቁልቁለቱ እየታገዙ፣ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ አዞሯት። ፊቷ ወደ ወንዙ፣ ጀርባዋ ወደ አቀበቱ ሆነ። ባሌ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በኋላ ማርሽ መውጣት ጀመረ። አሁን ነዳጁን የሚነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ሲነዳ አየሁት፤ ቀድሞም ይችልበት ኖሯል።

ስለዚህ ወደ ባሌ ቤት የሄድኩት ፊቴን ወደ አባቴ ቤት አዙሬ ነው። የወግዲ ጋራ በመስታወቱ ከፊቴ ተንጣሏል። ካሜራ ያነሳው ልጅ ፒክአፑን ትቶ በእግሩ እየሮጠ ይቀርጸናል። ቬሎዬ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"አልተቀየረም ነበር" አልኩት ባሌን።

አንገቱ በመስኮት ውጭ ስለሆነ እንዳልሰማ ሆነ። መልስ የሰጡት ከኋላዬ የተቀመጡት ሼሁ ናቸው።

"አልተቀየረም፣ ልጄ። ቀለም ነው የዳሰስኩት።"

"እርስዎ በምን ያውቃሉ? ተታለው ነው እንጂ።"

"ስዳስሰው ተታልያለሁ። ወግዲ ስደርስ ግን አወቅኩ፤ ጣቶቼ ብር ሆነው ነበር። ውሸታም መባልን ፈራሁና መሰከርኩ። አባትሽን ስጨብጥ ቀለሙ ወደ እጃቸው ተላለፈ። አዩት፤ እኔም እንዳዩት አየሁ። በጋቢያቸው ጠረጉና መረቁን።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰላቴን ስሰግድ እጄን አያለሁ።"

ይህን ሲሉኝ ባሌን ረሳሁት። እሱ ያው ቀላጅ ነው፤ የቀባው ካምቢዮውን ነው። አባቴ ግን አውቆ ነው የሰጠኝ። ሽማግሌን ሁለተኛ መመለስ ነውር ስለሆነ፣ ሼህና ቄስ ባሉበት "ውሸት ነው" ማለት ስለሚያሳፍር፣ እጁን ጠርጎ ሸኘኝ። የሰው መኪና ሳይጠየቅ ሥሩ የሚገባ ሰው፣ የኔን ጊዜ ጎንበስ ማለት ከበደው። ሳገባ አላለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስኩ። አክስቴ የናፍቆት መስሏት እሷም አብራኝ አለቀሰች፤ ባሌም በመስኮት ሆኖ "አብሽሪ፣ ደርሰናል" ይላል።

መካነ ሰላም በኋላ ማርሽ ገባን። ሰው ዳር ዳሩን ቆሞ ሲጠብቅ የመኪናዋ ቂጥ ቀድሞ መጣለት። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ በሳቅና በእልልታ አንድ ላይ ተቀበለን። ይህ መናኸሪያ ላይ ሞተሩን ሲያደንቅለት የከረመው ሕዝብ ነው። እስካሁን አንድ ሰው ነገር ሲያጣምም ካዩት "እንደ ሙሽሮቹ መጣ" ይባላል።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ የባሏ ደጅ ስትደርስ ዝም ብላ አትወርድም። አማቷ አንድ ነገር ቃል እስኪገባላት አልወርድም ብላ ትቀመጣለች፤ ጊደር ይባላል፣ በግ ይባላል፣ እሷም እያፈረች ትወርዳለች። አማቴ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቀረቡና በአባት ወግ ጊደር ሰጡኝ። አልወረድኩም። ጊደሯን ከነእናቷ አደረጉት። አልወረድኩም። አክስቴ "ይበቃል፣ ስግብግብ ይሉሻል" ብላ ቆነጠጠችኝ።

"ካምቢዮ" አልኩ።

"ምን አልሽ፣ ልጄ?"

"ካምቢዮ ነው የምፈልገው። የተቀባ ሳይሆን የተቀየረ። ካልሆነ ወደ ኋላ የምትሄድ መኪና ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ አንዴ ካዞሯት አንድ መርገጥ ነው የሚያስፈልጋት፣ አባቴ ቤት ትመልሰኛለች።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ባሌም አልሳቀም፤ መሪውን ይዞ እግሩን እያየ ተቀምጧል። አማቴ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ጊደሯ ትሸጥና ካምቢዮ ይመጣል" አሉ። ሼሁ ከኋላ ሆነው "እኔ ምስክርም ዋስም አልሆንም" ብለው ጮኹ። "ከአሁን በኋላ እሷ ራሷ ትዳስስ!" ወረድኩ።

ባሌ በማግስቱ ሰው በሌለበት "አፉ በይኝ" አለኝ። በቃሉ ብቻ አላለፍኩትም፤ ግን ቃሉን ማለቱን ቆጠርኩለት። ካምቢዮው ከደሴ መጣ፤ ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ከጭቃ በቀር ምንም አልተቀባም። ለፒክአፕ የተሠራ ስለሆነ የሞተሩን ጉልበት ይችላል፤ መካኒኩ ግን ከነዚያ ሁሉ ተሳፋሪዎች ጋር እሱም ልክ እንዳለው ነገረን። የነዳጁን ፓምፕ ትንሽ ቀነሰው። እኔ ደግሞ ከተሰበረ የተማሪ ወንበር እግር ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት ቆርጬ ከነዳጁ ፔዳል ሥር አስመታሁ፤ እስከ ወለሉ አይረገጥም። ባሌ ለተሳፋሪ አሁንም ወንበሩን እያነሳ ሞተሩን ያሳያል። እንጨቱን አያሳይም።

አባቴ ሊጠይቀን የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ገና ከበር ሳይገባ ሚኒባሷን አያትና ጋቢውን ሰብስቦ ተንጋለለ፤ ከወገቡ በታች ብቻ ቀረ። የባሌን የብሎን ቁልፎች ከእግሩ አጠገብ ዘርግቶ፣ ሥሩ ሆኖ ብረት ያንኳኳል፣ ያሞግሳል። "ይሄ ነው ካምቢዮ! ይሄ ነው!" ይላል። እጅ መታጠቢያ ውሃ ይዤ ከእግሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

"አባባ" አልኩት። "ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ የመጡ ቀን ይህቺ መኪና ደጅህ ቆማ ነበር። ያን ቀን ለምን ጎንበስ ብለህ አላየሃትም?"

ያንኳኳል።

"ሼሁ እጅ ላይ ቀለሙን አይተኸዋል። ነግረውኛል።"

ማንኳኳቱ ቆመ። ጫማው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የቀኙ እግር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጠበቅኩ። አፉ በይኝ በእኛ አገር ከባድ ቃል አይደለም፤ ሼሁ ብለውታል፣ ባሌ ብሎታል፣ ገበያ ላይ የተገፋፋ ሰው ሁሉ ይለዋል።

"ልጄ" አለ ከሥር። "እስቲ ያንን አስራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብይኝ።"

ቁልፉ እግሬ ሥር ነበር። አነሳሁትና ይዤው ቤት ገባሁ።